ከሃያ በታች

«እሷ ባትኖር እኔንም ልጄንም ይሄኔ አፈር በልቶን ነበር» አለች የአዋላጇ ታናሽ እህት፣ የበሩን መቃን በትከሻዋ ደግፋ።

አዋላጇ ከመጋረጃው ጀርባ ፊቷን እየታጠበች ነበር። ሳሙናው ዓይኗ ገብቶ ሲያቃጥላት እንኳ ውሃ አልረጨችበትም፤ መኖሯ እንዲታወቅ አልፈለገችም። በሩ ላይ የቆመችው ጎረቤት ምላሷ አያርፍም። «እኔማ አይቶ ማለፍ ስለማያስችለኝ ነው። ሰባት ወር ሙሉ የልጁ ክንድ እንዲህ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ! ሆዴን ተጭነው ነው ያወጡት ያልሽኝ አንቺው ነሽ። ታዲያ የተጫነው ሰው አይጠየቅም?» አለች። እህቷ ድምጿን ከፍ አደረገች። «የተጫነችው እህቴ ናት፣ የእናቴ ልጅ። ኦፕሬሽን ክፍሉ ተይዞ ነበር፣ ልጁ እየታፈነ ነበር፣ ምን ታድርግ? በክርኗ ገፍታ ነፍሱን አተረፈችልኝ። እጅ ከነፍስ ይበልጣል እንዴ? ሁለተኛ በእሷ እንዳትመጪብኝ!» ጎረቤትዮዋ «እንግዲህ እኔ ለደግ ብዬ ነው» እያለች ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ሄደች።

ኦፕሬሽን ክፍሉ ተይዞ ነበር። ይህችን ቃል ለእህቷ የሰጠቻት ራሷ አዋላጇ ናት፤ ከሰባት ወር በፊት፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ይዛ። ውሸት ነበር። ክፍሉ በዚያን ቀን ባዶ ነበር፤ መብራቱ በርቶ፣ ሐኪሞቹ ታጥበው ቆመው ነበር። «አያስፈልግም፣ በምጥ አወጣዋለሁ» ብላ የመለሰቻቸው እሷ ናት። ፊቷን አደረቀችና ወጣች። እህቷ ሕፃኑን አልጋ ላይ አጋድማ ሹራብ ታለብሰዋለች፤ መጀመሪያ የማይሠራውን እጅ፣ ቀጥሎ ጭንቅላቱን፣ በመጨረሻ ደህናውን እጅ። ልጁ በደህናው እጁ የእናቱን ፀጉር ጨምድዶ ይስቃል፤ ግራ እጁ ግን መዳፉን ወደ ኋላ አዙሮ ጎኑ ላይ ወድቋል። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ የተሰጣ የሕፃን ጨርቅ፤ ከአልጋ ወደ በር የሚሄድ ሰው አንገቱን ሰብሮ ነው የሚያልፈው። የልጁ አባት በጭነት መኪና አገር ለአገር ስለሚዞር እህቷ ከወለደች ወዲህ እዚሁ ናት። ሁለቱ ስለ ሳሙና ያወራሉ፣ ስለ ቁልፍ ያወራሉ፣ ውሃ ስለሚጠፋበት ቀን ያወራሉ። ስለዚያ ቀን አያወሩም። እህትየዋ ዝም የምትለው ታላቋን ላለማሳዘን ነው፤ ታላቋ ግን ዝም የምትልበትን ምክንያት እሷና ግድግዳው ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

«እታለም፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ እኮ።»

«ልጠጣው ነው» አለች። ጠረጴዛው ላይ ትታው ወጣች።

ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ስሟ በርቺ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወላድ ራስጌ ቆማ «በርቺ! በርቺ!» ስትል ኖራ ወላዶቹ ራሳቸው አወጡላት፤ ገበያ መሀል «ሲስተር በርቺ!» ብላ የምታቅፋት አትታጣም። ከሦስት ዓመት በፊት እዚያ ክፍል ከገቡት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ሆዳቸው ተቀድዶ ነበር የሚወጡት። ምጥ ሲዘገይ ቢላ፣ ሐኪሙ የሚሄድበት ሲኖር ቢላ፣ ወላዷ ስትፈራ ቢላ። ይሄ ነውር ነው ብላ መጀመሪያ የጮኸችው በርቺ ናት። ምጡ ሳይፋፋም አልጋ አትስጡ፤ ወላዷን በጀርባዋ አትቸንክሯት፣ ትንቀሳቀስ፤ የምታምነውን ሰው አጠገቧ አስገቡላት፤ እናትና ልጅ ደህና እስከሆኑ ድረስ ሰዓት እያያችሁ አትቸኩሉ ብላ አስተማረች። ዋናው ሐኪም ሰማት፣ ደገፋት፣ በስብሰባ ፊት አመሰገናት። ትዕግሥት ብቻውን በኦፕሬሽን የሚወልዱትን ከመቶው ወደ ሃያ አራት አወረደው። ያኔ ዋናው ሐኪም መግቢያው ላይ ነጭ ሰሌዳ ሰቀለና በቀይ «ከሃያ በታች» ብሎ ጻፈበት። ከሃያ አራት ወደ ሃያ ያለውን ግን በትዕግሥት አላወረዱትም። በጉልበት ነው ያወረዱት። ለዚሁ ሥራ ሲባል የአልጋ ገፊው ሰውዬ ሌላ ሙያ ተጨመረለት፤ በርጩማ ላይ ወጥቶ ምጥ በመጣ ቁጥር የሴቲቱን ሆድ በክንዱ ቁልቁል መጫን። ትከሻው እንደ ቁም ሳጥን የሰፋ፣ አፉን ከፍቶ የማይናገር፣ ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ ሰው ነው። ክሬን ይሉታል።

ሻይዋን ትታ በወጣችበት ጠዋት ዋናው ሐኪም በሰሌዳው ሥር ሰብስቧቸው በእስክሪብቶው ቁጥሩን ነካ አደረገ። «አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል፣ ነገ ቁጥሩን የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉ። አንድ ሆድ ብትከፍቱ ሃያን አልፈናል። የሚከፍት ሰው እንግዶቹ ፊት ቆሞ ራሱ ያስረዳል።» ድምፁን አያነሳም፤ ንጹሕ፣ ቀጭን፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያበራ ሰው ነው። ከእሱ ሥር ኦፕሬሽን የሚሠራው ወጣት ሐኪም መሬት መሬት አየ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ስለቀደደ በሁሉም ፊት ሲወቀስ ውሏል።

በርቺ ጋዎኗን ሳትቆልፍ ጥፊ ሰማች። ከመጀመሪያው አልጋ ነው። አንዲት ጀማሪ አዋላጅ የወላዷን ጭን በጓንት እጇ ደጋግማ ትመታለች። «ምን ያስጮኽሻል? ስታረግዢ እንዲህ ጮኸሻል?» ትላለች። ወላዷ ልባሽ ጨርቅ ነጋዴ ናት፣ ደልደል ያለች፣ ጉሮሮዋ ገበያ የለመደ። «ጮኼያለሁ እንጂ!» ብላ መለሰችላት። «ያኔ ግን የመታኝ የለም!» ከመጋረጃው ማዶ ያሉ ወላዶች ምጣቸው ውስጥ ሆነው ሳቁ። በርቺ የጀማሪዋን አንጓ ያዘች፤ አጥብቃ ያዘች፣ ልጅቷ ከንፈሯን እስክትነክስ። «ሂጂና ውሃ አምጪላት። ውጪ ያለችውን ምራቷንም ጥሪያት።» ነጋዴዋን ከአልጋ አውርዳ ኮሪደሩን ከምራቷ ጋር ከጫፍ ጫፍ አስኬደቻት። ምጥ ሲመጣባት ግድግዳውን ይዛ ዳሌዋን ታወዛውዛለች፤ ሲለቃት ስለ ጨርቅ ዋጋ ታወራለች። ማንም አልመታትም፣ ማንም አልጫናትም። አራት ተኩል ላይ ተንበርክካ፣ የምራቷን አንገት አንቃ፣ ራሷ ገፍታ ወንድ ልጅ ወለደች። «ከገበያ ጠብ ይቀላል» አለች ላቧ እየወረደ። በርቺ ሳቀች። እትብቱን ቆርጣ ልጁን ደረቷ ላይ አስተኛችላት።

አምስተኛው አልጋ ላይ አንዲት ፀጉር ሠሪ ነበረች። ሃያ ዓመት ይሆናታል፣ ቀጭን፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ጣቶቿ ገና የፀጉር ቀለም አለባቸው። እናቷ የልጄን ምጥ ማየት አይሆንልኝም ብላ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ተቀምጣለች፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፤ በር በተከፈተ ቁጥር ብድግ ትላለች። በርቺ ለነጋዴዋ ያደረገችውን ሁሉ ለዚህችም አደረገች። አስኬደቻት፣ በጎኗ አስተኛቻት፣ አስቀመጠቻት፣ ወገቧን አሸችላት። ስድስት ሰዓት ላይ የማህፀኗ በር ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ሰባት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። ልጅቷ የቻለችውን ሁሉ ገፋች፤ የዓይኗ ነጭ ደም እስኪለብስ ገፋች። ጭንቅላቱ ግን ንቅንቅ አላለም። በርቺ በጣቷ ስትነካው አጥንቱ በአጥንቱ ላይ ተደራርቦ እንደ ተሸበሸበ ቆዳ ሆኗል። የእንሽርት ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ ልጁ ተጨንቋል ማለት ነው። ከዚያ ሆዷን አየች። ከእምብርቷ በታች፣ በገመድ እንደታሰረ ጆንያ፣ ለሁለት ተከፍሏል። በሃያ ሁለት ዓመት ይህን ምልክት ሦስት ጊዜ አይታለች፤ ሁለቱን ጊዜ ማህፀኑ ተቀድዶ ልጁ ሞቷል፣ አንዷን ጊዜ እናትየዋም ተከትላዋለች። የምጥ መከታተያ ቅጹን ይዛ ወደ ወጣቱ ሐኪም ሮጠች። «አሁኑኑ ኦፕሬሽን ያስፈልጋታል» አለችው። ቅጹን አየ፣ ሆዷን አየ፣ ፊቱ ነጣ። «ልክ ነሽ ሲስተር፤ ግን ዋናውን መጀመሪያ እንጠይቀው» አለ።

ዋናው ሐኪም ጓንት እያጠለቀ ገባ። ክሬን በርጩማውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ተከትሎታል። ሐኪሙ ጣቱን ሲያስገባ ልጅቷ ከአልጋው ልታመልጥ ተነሣች፤ ጀማሪዋ ትከሻዋን ይዛ መልሳ አጋደመቻት።

«ይኸው እኮ፣ ጭንቅላቱ ይታያል» አለ።

«የሚታይዎት እብጠቱ ነው ዶክተር። ልጁ አልወረደም። ሆዷን ይዩት፣ ማህፀኗ ሊቀደድ ነው።»

«ሰንፋ ነው። ተጭናችሁ አውጡላት!» አለና ወደ በርቺ ዞረ። «አንቺ አይደለሽ እንዴ ሴቶቹን በከንቱ አትቅደዷቸው ብለሽ ያስለቀስሽኝ? አሁን ምን ነካሽ? ለራስሽ እህት እንኳ ቢላ የከለከልሽ ሴት! ነይ፣ አንቺ ራስሽ ተጫኛት፤ ክርንሽን አውቀዋለሁ።»

በርቺ አልተንቀሳቀሰችም። ሐኪሙ ለክሬን በአገጩ አመለከተው። ክሬን በርጩማው ላይ ወጣ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ፀጉር ሠሪዋን ሳያይ ክንዱን ከጡቶቿ ሥር አጋደመና ተጫነ። ልጅቷ የጮኸችውን ጩኸት በርቺ ከሰው ጉሮሮ ሰምታው አታውቅም። «አትጫነኝ! በእናትህ! ልትገድለኝ ነው!» ምጡ ሲለቃት ተነፈሰች፤ ሲመለስባት ክሬን እንደገና ተጫነ፣ ክብደቱን ሁሉ ጥሎ። የአልጋው ብረት ተንቋረረ። ሐኪሙ ጭኗን በጥፊ መታት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ የጣቶቹ ምልክት ቆዳዋ ላይ እየቀላ። «ግፊ! ልጅሽን ልትገድይው ነው? ግፊ!» ልጅቷ ተራግጣ የሐኪሙን ደረት መታች፤ መነጽሩ ወልቆ አንሶላው ላይ በፈሰሰው ደም ውስጥ ወደቀ። ጀማሪዋና አንድ ሌላ ሠራተኛ እግሯን ያዙና በፋሻ ከብረቱ ጋር አሰሯት። ልጅቷ አንገቷን ዘርግታ የክሬንን ክንድ ነከሰች። ጥርሷ ሥጋው ውስጥ ገባ፤ ደሙ በአገጯ ላይ ወረደ። ክሬን ዓይኑን ጨፈነ እንጂ ክንዱን አላነሳም። «እንዳትለቅ» አለው ሐኪሙ። የሕፃኑ የልብ ምት ማዳመጫው ላይ መጀመሪያ ፈጥኖ ነበር፤ አሁን ግን ይረዝማል፣ ይዘገያል፤ ጎርፍ ላይ እንደቆመ ሰው አንድ እግር ያነሳና ያመነታል።

በርቺ የሚታያት ሌላ ሴት ነበረች። የእህቷ ፊት፣ በዚህችው አልጋ ላይ፣ «እታለም፣ በቃኝ፣ ይቅደዱኝ» ሲል። እሷ ደግሞ በርጩማ ላይ ቆማ፣ ክርኗን ሰክታ፣ «ትንሽ ቀረሽ» ስትል። ትንሽ አልቀራትም ነበር፤ ታውቅ ነበር። በማግስቱ ክፍሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሃያ በታች መሆኑ ሊነገር ነበር፣ ያም ደስ ብሏት ነበር። በግፊቱ የልጁ ትከሻ በእናቱ ዳሌ አጥንት ላይ ተሰካ፤ ሲያወጡት በእጇ ሥር ቀጭ ያለው ድምፅ ለእሷ ብቻ ተሰማ።

በርቺ የክሬንን በርጩማ በእግሯ መታችው።

በርጩማው ሄደ፣ ክሬን ሄደ። ያ ሁሉ ሰውነት በአንድ ጊዜ ወረደ፤ ግንባሩ የመሣሪያው ጋሪ ጠርዝ ላይ አረፈና መቀሶቹና መቆንጠጫዎቹ እየተንኳኩ መሬት ላይ ተበተኑ። ከዚያ ሐኪሙ የበርቺን ኮሌታ ጨምድዶ ከግድግዳው ጋር አጋጫት፤ የኋላ ጭንቅላቷ ሲመታ ዓይኗ ላይ ብልጭታ አየች። «አብደሻል? ሰው ገደልሽ!» አለና በጥፊ መታት። ከንፈሯ በጥርሷ ላይ ተሰነጠቀ። በርቺ ደሟን ዋጠች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሐኪም ሁሉ እርስዎ ስትል የኖረችው ምላሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገለበጠ። «አንተ ነህ የምትገድለው» አለችው። «ዞር በል!» በሁለት እጇ ገፋችው፣ መቀስ አንስታ ፋሻዎቹን በጠሰቻቸው፣ የአልጋውን ፍሬን በእግሯ ለቀቀች። አልጋው ከባድ ነው፣ አንዱ ጎማ ይነክሳል፤ ብቻዋን ስትገፋው ወደ ግድግዳው ጠመመ። ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ። «ማንም ከዚህ አያልፍም!» ያኔ ከጎኗ ሁለት ትልልቅ እጆች መጥተው ብረቱን ያዙ። ክሬን ነበር። የግንባሩ ደም አንድ ዓይኑን ሸፍኖታል፣ የተነከሰው ክንዱም ይደማል።

«ግፊ፣ ሲስተር» አለ።

ሁለቱም ገፉ። የአልጋው ጫፍ የሐኪሙን ዳሌ መታውና ከበሩ መቃን ጋር አላተመው። ኮሪደሩን በሩጫ አለፉ፣ ጎማው እየጮኸ፣ የሁለት ሰው ደም እየተንጠባጠበ። ወጣቱ ሐኪም ከኋላ እየሮጠ መጣ፤ ማንም ምንም ሳይለው ቀድሟቸው ገብቶ መታጠብ ጀመረ። «ማደንዘዣ!» ሲል ድምፁ ተሰነጠቀ።

በርቺ ኦፕሬሽን ክፍሉ ውስጥ ቆማ ሕፃኑን ለመቀበል ፎጣ ዘርግታ ጠበቀች። ሆዱ ሲከፈት ወጣቱ ሐኪም ትንፋሹን ያዘ። የማህፀኑ ታችኛ ክፍል ከመሳሳቱ የተነሣ የሕፃኑ ፀጉር ከሥሩ ይታያል፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ። «አንድ ጊዜ ደግሞ ቢጫናት ኖሮ...» አለና አልጨረሰውም። ሴት ልጅ ወጣች፤ ሰማያዊ፣ ልፍስፍስ፣ ጭንቅላቷ እንደ ቅል ሾጥጦ። በርቺ አፏን መጠጠችላት፣ ጀርባዋን አሸች፣ ጭንብሉን አድርጋ አየር ሰጠቻት። አንድ ደቂቃ ሄደ። ሁለት ደቂቃ ሄደ። ሦስተኛው ላይ ሕፃኗ ፊቷን አኮማተረች፤ ቂም ያላት አሮጊት መስላ አለቀሰች። በርቺ ሁለቱንም ክንዶቿን አንድ በአንድ አንስታ አየች። ሁለቱም ታጠፉ፣ ሁለቱም ተዘረጉ። እንደገና አየቻቸው። ወጣቱ ሐኪም ከጭንብሉ በላይ በዓይኑ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ያላት ይመስል ነበር።

ስትወጣ የልጅቷ እናት በሩ ላይ ጠበቀቻት። ቦርሳው የለም፤ የት እንደጣለችው አይታወቅም። ሁለት ሰዓት ሙሉ የልጇን ጩኸት ከግድግዳ ወዲህ ስትሰማ፣ በደም የተነከረ አልጋ ፊቷ ሲያልፍ ያየች ሴት ናት። በርቺ አፏን ከመክፈቷ በፊት ሴትየዋ በጥፊ መታቻት፤ በዚያው በተሰነጠቀው ከንፈሯ ላይ። ደገመቻት። «ምን አደረጋችኋት? ልጄን ምን አደረጋችኋት? አውሬ ናችሁ!» በርቺ እጇን አላነሳችም። እኔ አይደለሁም አላለችም። ሁለተኛው ጥፊ ሲያበቃ፣ «ደህና ናት፣ እናቴ። ሴት ልጅ ናት፣ እሷም ደህና ናት። ተቀድዳለች ግን ትድናለች» አለቻት። ሴትየዋ የመታችበትን እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየችው፤ ከዚያ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ የበርቺን ጉልበት አቅፋ ተንሰቀሰቀች። በርቺ አብራት ቁጭ ልትል ነበር፤ ግን ወገቧ እምቢ አላት።

ዋናው ሐኪም ቢሮ ስትገባ ክሬን ከበሩ አጠገብ ቆሟል፣ ግንባሩ ላይ ሰባት ስፌት፣ ክንዱ ተጠቅልሎ። ሐኪሙ እያነከሰ ከወንበሩ ተነሣ፤ መነጽሩ አንዱ መስታወት ተሰንጥቋል። «ለምርመራ ኮሚቴው እንዲጻፍ፣ ማን ጣለህ?» አለው ክሬንን።

«ሲስተር ናት» አለ ክሬን።

ሐኪሙ በርቺን አየ። «ሰማሽ?»

«አልጨረስኩም» አለ ክሬን። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ዐረፍተ ነገር አከታትሎ ሲናገር የሰማው ሰው የለም። «ጥላኛለች። ደግ አደረገች። እኔ ያቺን ልጅ እየገደልኳት ነበር፤ አውቄ ነው የምልዎት። ከእሷ በፊትም ስንቷን ተጭኛለሁ። ቤቴ ገብቼ ምግብ አልበላ ሲለኝ ሚስቴ ሌላ ሴት የያዝኩ ይመስላታል። ከእንግዲህ አልጋ እገፋለሁ፤ ሆድ አልነካም። ይህንንም ይጻፉት።» ሐኪሙ አልጻፈውም። ለበርቺ አንድ ነጭ ወረቀትና ደብዳቤ በጠረጴዛው ላይ ገፋላት። ከሥራ ታግዳለች። ወላድ እየተጫነ በነበረ ሠራተኛ ላይ ጉዳት ማድረሷን፣ የሐኪም ትእዛዝ ጥሳ ወላዷን ወደ ኦፕሬሽን ክፍል መውሰዷን በጽሑፍ እስከ ነገ ጠዋት እንድታብራራ ታዛለች። ለአፍታ ድምፁ ደከመ። «ከእኔ በፊት እዚህ ስንት ሴት በከንቱ እንደተቀደደ አንቺ ታውቂያለሽ» አለ። እውነቱን ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ወጣች።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። በዚህ ሰዓት ቤት ገብታ አታውቅም። እህቷ አልጋው ላይ ተቀምጣ ሕፃኑን ታጠባለች፤ የበርቺን ፊት ስታይ ደነገጠች። «እታለም! ማን ነው? ማን ነው የመታሽ?» በርቺ ከሌላው አልጋ ጫፍ ተቀመጠች። በመሀላቸው የተሰጣ ጨርቅ አለ። እጇን ሰዳ ጨርቁን ወደ ዳር ገፋችው፣ ፊቷ እንዲታይ።

«ኦፕሬሽን ክፍሉ ባዶ ነበር» አለች።

«የቱ?»

«ያንቺ ቀን። አልተያዘም ነበር። ሐኪሞቹ ታጥበው ይጠብቁሽ ነበር። መልሼ የላክኋቸው እኔ ነኝ። ቁጥሩ እንዳያልፍ ብዬ። በማግስቱ እንዲያመሰግኑኝ ብዬ። አንቺ ይቅደዱኝ ስትዪ ሰምቼሻለሁ። እጁን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ አማራጭ አጥቼ አይደለም።»

እህቷ ሕፃኑን ከጡቷ አላቀቀችው፣ አፉን ጠረገችለት፣ ከግድግዳው በኩል አጋደመችው፣ እንዳይወድቅ ትራስ አደረገችለት። ይህን ሁሉ በዝግታ አደረገች። ከዚያ ተነሥታ ታላቅ እህቷን መታቻት። በጥፊ አይደለም፤ በጡጫ። ፊቷን፣ ትከሻዋን፣ ጀርባዋን፣ ያገኘችውን። ፀጉሯን ይዛ ከአልጋው ወደ መሬት ጎተተቻት። ገመዱ ተበጥሶ ጨርቁ ሁሉ ላያቸው ላይ ወረደ። «ስመርቅሽ ዝም ብለሽ ትሰሚ ነበር!» ትላለች እየመታች። «ሰባት ወር! ሰው ሲያማሽ ስጣላልሽ! በየጸሎቴ ስምሽን ሳስቀድም!» በርቺ ፊቷን አልሸፈነችም። ሕፃኑ አለቀሰ። እህቷ ክንዷ እስኪዝል መታቻት፤ ሲዝልባት አጠገቧ መሬቱ ላይ ወደቀች፣ ጀርባዋን ለአልጋው ሰጥታ፣ እንደ ምጥ እያቃሰተች።

ሕፃኑ አልቅሶ አልቅሶ በራሱ ተወው። ከበርቺ ኪስ ወጥቶ መሬት ላይ የወደቀውን ደብዳቤ እህቷ አነሣችው። አነበበችው። ሁለተኛ አነበበችው።

«ዛሬም ሴት ልትገድሉ ነበር?»

«ልንገድል ነበር። አንዷን አተረፍኳት።»

«እኔንም እንዲሁ ማትረፍ ትችዪ ነበር።»

«እችል ነበር።»

እህቷ ከመሬት ተነሣች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ በክንዷ ጠርጋ ወደ ጎን አደረገች። ነጩን ወረቀት በመዳፏ ደጋግማ ዳሰሰችው፣ እጥፋቱ እስኪቃና። እስክሪብቶ ፈልጋ ከላዩ አስቀመጠችና ወንበሩን በእግሯ ወደ በርቺ ገፋችው።

«ተነሺ። ጻፊ።»

በርቺ በጉልበቷ ሄዳ ወንበሩን ያዘች። አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል፤ እስክሪብቶውን አነሣች። «ምን ብዬ ልጀምር?» አለች።

እህቷ ሕፃኑን አቅፋ ከኋላዋ ቆመች፣ ወረቀቱን ከትከሻዋ በላይ እያየች።

«ከእኔ ጀምሪ» አለች።